ስልክ ሲጠራ ጀርመንኛዬ የት ነው የሚጠፋው?

ካሰል_ነኝ
ሰላም ለሁላችሁ። ጀርመን ከገባሁ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ካሰል ነኝ። ቤ አይንስን፣ የመካከለኛ ደረጃውን የጀርመንኛ ፈተና፣ ከሦስት ወር በፊት አልፌያለሁ። ሱቅ ውስጥ፣ ትራም ላይ፣ ከጎረቤት ጋር እግባባለሁ። ስልክ ሲጠራ ግን ያ ሁሉ ጀርመንኛ ብን ብሎ ይጠፋል።

በቀደም ጥርሴን አሞኝ አንድ ጥርስ ሐኪም ጋ ደወልኩ። ያነሳችው ሴትዮ እንደ ጥይት ነው የምታወራው። ከተናገረችው ሁሉ ጆሮዬ የያዘው "ሐሙስ" እና "ሃልፕ ፊር" የሚሉትን ብቻ ነው። ፊር አራት፣ ሃልፕ ግማሽ። አራት ተኩል ብዬ፣ እሱንም ወደ እኛ ሰዓት መልሼ፣ አስር ሰዓት ተኩል ብዬ ማስታወሻዬ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አከበብኩት። ሐሙስ ዕለት እንዲያውም አስር ደቂቃ ቀድሜ ደረስኩ። ሴትዮዋ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፣ እኔን አየች፣ "ሃልፕ ፊር!" አለች። ለካ ሃልፕ ፊር ማለት አራት ሊሆን ግማሽ የቀረው ነው፤ ሦስት ተኩል! በኛ ዘጠኝ ተኩል። ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ እኮ፣ ወረቀት ላይ ቢመጣ ዓይኔን ጨፍኜ እመልሰዋለሁ። ሌላ ቀጠሮ የሰጡኝ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያው በአንድ ጎን እያኘክሁ ነው።

ልመናዬ፦ የመጽሐፍ ጀርመንኛ አትስጡኝ፣ ሰዎቹ ስልክ ላይ የሚሉትን ንገሩኝ። ደግሞ በኛው ፊደል፣ ጆሯችሁ እንደሰማው ጻፉልኝ። በላቲን የተጻፈውን ዓይኔ ያውቀዋል፣ ጆሮዬ ግን ተዋውቆት አያውቅም።

ኢሜይል_ይሻላል
ለምን ትሰቃያለሽ? እኔ አምስት ዓመቴ ነው፣ የማላውቀው ቁጥር ከደወለ አላነሳም። ተርሚን (ቀጠሮ) በኢንተርኔት እይዛለሁ፣ የቀረውን ኢሜይል እጽፋለሁ። ነገሩ የምር ከሆነ ደብዳቤ ይልካሉ። ይሄ አገር ደብዳቤ ይወዳል።

ተማሪ_ነርስ
ኢሜይል_ይሻላል፣ እኔ ታዲያ የዋርዱ ስልክ ሲጠራ "ደብዳቤ ላኩ" ልበላቸው?

እህቴ ካሰል፣ አይዞሽ። ኑረምበርግ አውስቢልዱንግ (የሙያ ሥልጠና) ላይ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ የመጀመሪያውን ወር ስልኩ ሲጮህ ሽንት ቤት እየገባሁ ነው ያሳለፍኩት። ያወጣኝ ሰዋስው አይደለም፣ ጥቃቅን ቃላት ናቸው።

እኛ ስንደውል ምን እናደርጋለን? እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ፣ ልጆቹስ፣ እናትሽ ተሻላቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ ነው ወደ ጉዳዩ የምንገባው። እዚህ ያንን ካልሽ ሰውዬው ግራ ይገባዋል፣ ካላልሽ ደግሞ አንቺ ራስሽ ባለጌ የሆንሽ ይመስልሻል። እነሱ ጋ ያ ሁሉ ሰላምታ ሁለት ቃል ውስጥ ተጠቅልሎ ነው ያለው፦ ማል እና ኩርጽ። "ኢሽ ቮልተ ማል ኩርጽ ፍራገን" በይ። ቃል በቃል "ባጭሩ ልጠይቅ ፈልጌ ነበር" ነው፤ የሚሠራው ግን "ይቅርታ፣ ላስቸግርዎት፣ አንዴ" የሚለውን ሥራ ነው። ማል የሌለበት ጥያቄ ደረቅ ትእዛዝ ይሆናል። "ሞሜንት!" ብትይ ልጅ እንደመቆጣት ነው፣ "ሞሜንት ማል" ስትይ ይለዝባል። ይህቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ፍሪጅሽ ላይ ለጥፊያት። እኔ ከመደወሌ በፊት ጮክ ብዬ ሦስቴ እላታለሁ፤ አፍ ከተከፈተ የቀረው ይከተላል።

ሁለተኛዋ ቃል ድራን ናት። የስልክ ዓለም በሷ ላይ ነው የቆመው። "ብላይበን ዚ ድራን" ካሉሽ እንዳትዘጊ፣ መስመር ላይ ቆዪ ነው። "ዚንት ዚ ኖኽ ድራን?" አሁንም አለሽ ወይ? "ቬር ኢስት ድራን?" ማን ነው? "ኢሽ ጌ ራን" ደግሞ እኔ አነሳዋለሁ። አብዛኛው ሰው ንዋን ዋጥ አድርጎ "ኖኽ ድራ?" ነው የሚለው።

ያልገባሽን "ቫስ?" እያልሽ አትጠይቂ፣ "ምን?!" እንደማለት ነው። "ቪ ቢተ?" ጥሩ ነው፤ ግን እሱን ካልሽ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በዚያው ፍጥነት ይደግሙልሻል። የተሻለው "ዳስ ጊንግ ሚር ጹ ሽኔል" ነው፣ ፈጠነብኝ። ጥፋቱ የቋንቋሽ ሳይሆን የፍጥነታቸው ይሆናል፤ እነሱም ያለ ቅሬታ ዝግ ይላሉ። ሰዓት ሲነግሩሽ ደግሞ በሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠር መልሰሽ በይላቸው፦ "አልዞ፣ ፉንፍጼን ኡር ድራይሲሽ?" ተሳስተሽ ከሆነ እዚያው ያርሙሻል። ያን ቀን ይህን ብትዪ ኖሮ ዛሬ በሁለቱም ጎን ታኝኪ ነበር።

አንድ የኔን ላውጋችሁ። የሐኪሙ ጸሐፊ ጋ ስደውል "ኤር ኢስት ግራደ ጹ ቲሽ" አለችኝ። ቲሽ ጠረጴዛ አይደል? ለአለቃዬ "ዶክተሩ ጠረጴዛው ላይ ነው" አልኳት። "ታዲያ ለምን አያነሳም?" አለችኝ። እኔም ያንኑ እያሰብኩ ነበር። ለካ ምሳ ላይ ነው ማለቷ ነው።

ላይፕጺግ_ያለሁ
ስለ "ና" ማንም አላነሳም?

አብሮኝ የሚማር ልጅ አንድ ቀን ደወለልኝ። አነሳሁ። ሃሎ የለ፣ ስም የለ፣ "ና?" አለኝ። እኔ እንቅልፍ ላይ ነበርኩ፤ በአማርኛ "የት ልምጣ?" አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ደግሞ "ና፣ አለስ ጉት?" አለኝ፣ ሁሉ ደህና? ያኔ ነው የነቃሁት።

ይህች ና በጓደኛ መካከል ሰላምታም ጥያቄም ናት፤ "እሺ፣ ምን አዲስ ነገር?" በይው። መልሱ ያው "ና?" ሊሆን ይችላል። ሁለት ሰዎች "ና?" "ና?" ተባብለው ተግባብተው ሲቀጥሉ ሰምቻለሁ። ለሴትም "ና" ነው፣ "ነይ" አይሆንም። ዘመዶቿም ብዙ ናቸው፦ "ና ክላር" እንዴታ! ነው። "ና ያ" እንግዲህ፣ ምን ይደረግ። "ና ዳን" ደግሞ ቁርጥ የኛ "በል እንግዲህ" ነው። ጀርመን "ና ዳን..." ብሎ ድምፁን ከጎተተ ስልኩ ሊዘጋ ነው፤ አዲስ ወሬ አትጀምሩበት።

ለጓደኛ ስትደውሉ "ሂር ሽፕሪሽት..." (የምናገረው እገሌ ነኝ) ብላችሁ ስም ከነአባት አትጥሩ፤ ከመንግሥት ቢሮ የተደወለ ይመስላል። "ሃይ፣ ኢሽ ቢንስ" ይበቃል፣ እኔ ነኝ። ቀጥሎ "ሽቶር ኢሽ?" ረበሽኩህ እንዴ? ወይም "ካንስት ዱ ግራደ ሬደን?" አሁን ማውራት ትችላለህ?

ካሰል፣ በሃልፕ ፊር ተስፋ አትቁረጪ፤ እኛ ሰፈር ብትመጪ ይባስ ነበር። ዛክሰን ውስጥ "ፊርተል ድራይ" ሲሉ ሁለት ከሩብ ነው። "ድራይፊርተል ድራይ" ደግሞ ለሦስት ሩብ ጉዳይ። ሦስተኛዋ ሰዓት ስንት ስንቷ ሞላ ብለው ነው የሚቆጥሩት። ሃልፕም ያው ሒሳብ ነው፤ ከአራተኛዋ ሰዓት ግማሿ ሞልቷል ማለት ነው። እንደዚህ ካሰብሽው አይጠፋብሽም።

ጋሼ_ፍራንክፈርት
ልጆች፣ ጨዋታችሁ ደስ ይላል። እኔ በደርግ ጊዜ ነው የመጣሁት። ያኔ ስልክ ማለት የፖስታ ቤቱ ቢጫ ሣጥን ነው፤ ሳንቲም እየጎረሰ፣ ከኋላህ ሰው ተሰልፎ እየቆጠረህ። ብር ስለሚቆጥር ጀርመንኛችን ቶሎ አጠረ።

መጀመሪያ ግራ ያጋባኝ አነሳሳቸው ነው። ደውዬ "ሃሎ" ስጠብቅ ሰውዬው "ሙለር!" ይለኛል። የተቆጣኝ መስሎኝ ዘግቼ አውቃለሁ። የቤተሰብ ስማቸውን ነው የሚጠሩት። ዛሬ ወጣቶቹ በሞባይል "ያ፣ ሃሎ?" ይላሉ እንጂ ቤት ስልክና መሥሪያ ቤት ላይ አሁንም ስም ነው። "ያ ቢተ?" ካሉ ደግሞ የኛ "አቤት" ነው።

ቀጥሎ የስም ማስፊደል መከራ ይመጣል። እኛ ፊደሉን የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው፤ መዘዙ ከዚያ ነው። የአባትሽ ስም ገብሬ ነው እንበል። "ጂ፣ ኢ፣ ቢ፣ አር፣ ኢ" ብለሽ ብታስፊድዪ የጀርመን ጆሮ "ኢ"ን ሲሰማ የሚጽፈው እንግሊዞች "አይ" የሚሉትን ነው። ጊብሪ ሆነሽ ትቀሪያለሽ፤ ያንን ለማስተካከል ደግሞ ሌላ ስልክ። በጀርመንኛ "ጌ፣ ኤ፣ ቤ፣ ኤር፣ ኤ" ነው። ከዚህ የሚሻለው በስም ማስፊደል ነው፦ ጉስታፍ፣ ኤሚል፣ ቤርታ፣ ሪሻርት፣ ኤሚል። የስማችሁን አምስት ስድስት ቃል ብቻ እንደ አቡነ ዘበሰማያት ሸምድዱ፤ የቀረው አያስፈልጋችሁም።

ይህ ዝርዝር የራሱ ታሪክ አለው። ናዚዎች እ.ኤ.አ. በ1934 የአይሁድ ናቸው ያሏቸውን ስሞች ከውስጡ አወጡ፤ ዳቪድ ዶራ ሆነ፣ ናታን ኖርድፖል፣ ሳሙኤል ዚግፍሪድ። ከጦርነቱ በኋላም ሁሉም አልተመለሱም። እ.ኤ.አ. በ2022 በከተማ ስም የሚያስፊድል አዲስ ደንብ ወጣ። በዚያኛው ገብሬ ጎስላር፣ ኤሰን፣ ቤርሊን፣ ሮስቶክ፣ ኤሰን ነው። ኤሰን ምግብም ማለት ስለሆነ ሁለት ጊዜ በልተሽ ነው የምትጨርሺው። ለቢሮ ጽሕፈት የወጣ ደንብ ነው እንጂ ሰዉ አፍ ላይ ያለው ገና አሮጌው ነው፤ ሁለቱም ይገባቸዋል።

አንድ ነገር ልጨምርና ልሂድ። እዚሁ ፍራንክፈርት ፊሊፕ ራይስ የሚባል አስተማሪ እ.ኤ.አ. በ1861 ስልክ ሠርቶ ፊዚክስ ማኅበሩ ፊት አሳይቷል፤ የስልክ ፈልሳፊ ከሚባለው ከቤል በፊት መሆኑ ነው። ሲሞክሩት ተናገሩት የሚባለው ዓረፍተ ነገር "ዳስ ፕፈርት ፍሪስት ካይነን ጉርከንዛላት" ነው፤ ፈረስ የኪያር ሰላጣ አይበላም! እንዲህ ያለ ወፈፌ ንግግር የተመረጠው በዚያ ጫፍ ያለው ሰው በግምት እንዳይሞላው ነው ይባላል። ካሰል፣ ያንቺም ችግር ይኸው ነው። ፊት ለፊት ስታወሪ ግማሹን በዓይንሽ፣ በእጅ ምልክት ትሞዪዋለሽ። ስልክ ላይ የሚሞላልሽ የለም። ስለዚህ ጀርመንኛሽ ጠፋ አትበዪ፣ ግምትሽ ነው የጠፋው።

ካሰል_ነኝ
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፈረሱን ለክፍል ጓደኞቼ ነገርኳቸው፣ የሶርያዋ ልጅ አንድ ሰዓት ሙሉ ስትስቅ ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ እንዳትስቁብኝ። "አዎ" ለማለት ወደ ውስጥ የምንስባት ትንፋሽ አለች አይደል? እህ ብለን። አከራዬ ስልክ ላይ "ቁልፉን አገኘሽው?" ስትለኝ እንደዚያ አልኳት። ደንግጣ "ኢስት ቫስ ፓሲርት?" አለችኝ፣ የሆነ ነገር ደረሰ እንዴ? እኔ እኮ አዎ ነው ያልኩት!

ተማሪ_ነርስ
ወይኔ ይህቺ ትንፋሽ! እኔን ልታስባርረኝ ነበር። የአንዲት ታካሚ ልጅ ደውላ "ለእናቴ የተውኩት ቦርሳ ደረሳት?" ስትለኝ ሳላስበው ትንፋሼን ሳብኩ። ነርስ ስልክ ላይ ትንፋሽ ስትስብ ምን ማለት ይመስላችኋል? ሴትዮዋ "ኦ ጎት!" ብላ ጮኸች። "ደርሷታል፣ ደህና ናት፣ ቡና እየጠጣች ነው" እስክል ድረስ የኔም ልብ ቆሞ ነበር።

አሁን በትንፋሹ ቦታ "ግናው" አስገብቻለሁ፣ ልክ ነው ማለት ነው። ሰው እያወራ ጣልቃ "ግናው... ያ... አኽ ዞ... አለስ ክላር" ማለት ያስፈልጋል፤ ዝም ካልሽ መስመሩ የተቋረጠ ይመስላቸዋል። "አኽ ዞ" ገና አሁን የገባሽ ሲሆን ነው፤ አሃ፣ ለካ! የሚለው። ለምታውቂው ነገር አትበዪው።

በነገራችን ላይ ለነርሶች፦ ዘመድ ደውሎ ስለ በሽተኛ ሲያጣድፋችሁ "አም ቴሌፎን ዳርፍ ኢሽ ላይደር ካይነ አውስኩንፍት ጌበን" በሉ። በስልክ መረጃ መስጠት አይፈቀድልኝም። ከዚያ "ኢሽ ጌብ ኢነን ማል ዲ ኮሌጊን" ብላችሁ ለባልደረባ ማቀበል ነው።

ኡሜዮ_ስዊድን
ከጎረቤት አገር ጣልቃ ልግባ። እዚህ ሰሜን ስዊድን አዎ የሚሉት እንደኛው ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበው ነው። መጀመሪያ ስሰማ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ጀርመን ካስቸገራችሁ ኑ። ብርዱን ግን ቻሉት።

እናት_ሀምቡርግ
እኔ ደግሞ የቁጥሩን ልናገር። ቤይሩት ሰባት ዓመት ሠርቼ ነው ወደዚህ የመጣሁት። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች ቁጥር ሲመጣ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ አርባ አምስትን "ፉንፍ ኡንት ፊርጺሽ" ሲሏቸው ሃምሳ አራት ብለው ይጽፋሉ። እኔ ግን ዓረብኛው አስለምዶኛል። "ኸምሰ ወ አርብዒን" ይሉ የለ? አምስት እና አርባ። ማዳሜ ያስተማረችኝ ለጀርመን ይጠቅማል ብዬ መቼ አስቤ! ባሕረ ሰላጤ፣ ቤይሩት የነበራችሁ፣ ጀርመንኛ ስትቆጥሩ በዓረብኛ አስቡት፤ በአማርኛ እንዳትሄዱ።

ስልክ ቁጥር ሲሰጡኝ ግን ጥንድ ጥንዱን እያደረጉ ስለሚያፈሱት "አይንጸልን ቢተ" እላለሁ፣ አንድ በአንድ። ያኔ "ጽቮ" የምትባል ትመጣለች። እሷም ሁለት ናት። ጽቫይና ድራይ በስልክ ስለሚምታቱ ነው ጽቮ የሚሏት። እኔ መጀመሪያ አዲስ ቁጥር መስሎኝ ነበር።

እዚህ ሀምቡርግ ስልክ ሲያነሱ ሰላምታው ጠዋትም ማታም "ሞይን" ነው። የቀኑን ሰዓት ማሰብ አይጠይቅም፤ ለኔ ዓይነቷ ተመችቷል።

ገና_አዲስ_አበባ
እኔ ገና እዚሁ አዲስ አበባ ለቤ ጽቫይ፣ ከቤ አይንስ ቀጥሎ ላለው ፈተና፣ እየተዘጋጀሁ ነው። አሠሪው በስልክ ኢንተርቪው ሊያደርግልኝ ይችላል ተብያለሁ። ዚ (እርስዎ) እና ዱን (አንተ፣ አንቺ) እንዴት ነው የምለየው? የምታናግረኝ ልጅ በድምጿ እኩያዬ ብትመስልስ?

ጋሼ_ፍራንክፈርት
እኩያህም ብትሆን ዚ ነው። በኛ እርስዎ የሚያሰኘው ሽበት ነው፤ እዚህ የሚያሰኘው አለመተዋወቅ ነው። ሃያ ዓመት ለማይሞላት የቢሮ ልጅ ዚ ትላለህ፣ በዕድሜ ሃያ ዓመት የሚበልጥህን የሥራ ባልደረባህን ደግሞ ዱ ትለዋለህ። ለኔ ይህ ሁለተኛው ነው የከበደኝ፤ አዛውንቱን ሰውዬ አንተ እያልኩ ስጠራ ምላሴ ይታሰር ነበር። ዱ እንባባል የሚለው ትልቁ ወይም አለቃው ነው፤ እስኪሉህ ጠብቅ። ዚ ብለህ ብትሳሳት የሚቀየምህ የለም።

ሲጨርሱ ደግሞ "አውፍ ቪደርዜን" አትበል። እሱ "እስክንተያይ" ነው፣ ስልክ ላይ ደግሞ መተያየት የለም። "አውፍ ቪደርሆረን" በል፣ እስክንሰማማ። ለጓደኛ "ቹስ"፤ "ቻው" ብትልም እንዳገርህ ነው፣ እነሱም ከጣልያን ነው የወሰዱት።

ቀጠሮ ሲሰጡህ "ሆይተ ኢን አህት ታገን" ካሉህ በጣትህ ስምንት ቀን እንዳትቆጥር፤ የዛሬ ሳምንት ማለት ነው። የኛ "የዛሬ ስምንት" እኮ ነው! ለሁለት ሳምንት ግን እኛ "የዛሬ አስራ አምስት" ስንል እነሱ "ፊርጼን ታገን" አስራ አራት ይላሉ። ለአንዱ ሳምንት ስምንት፣ ለሁለቱ አስራ አራት። ሒሳቡን እኔን አትጠይቁኝ።

ሹፌር_ሽቱትጋርት
ጊዜ የለኝም፣ በአጭሩ። ፓኬት ነው የማደርሰው፣ በቀን ሃምሳ ጊዜ እደውላለሁ። የሚያስፈልገኝ አራት ዓረፍተ ነገር ነው። "ኢሽ ሽቴ ፎር ደር ቱር" በሩ ላይ ነኝ። "ኮነን ዚ ማል ኩርጽ አውፍማኽን?" አንዴ ይክፈቱልኝ። "ኮነን ዚ ማል ኩርጽ ሩንተርኮመን?" ይህ አሳንሰር ለሌለው ፎቅ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ያለ ሰው ግን በጭራሽ አይወርድም። "ባይም ናኽባርን?" ጎረቤት ጋ ልተወው?

አንዴ ከሰሜን የመጣ ደንበኛ "ዚ ኮመን ሆይተ ኖኽ፣ ኔ?" አለኝ። ኔ ያለው "አይ" መስሎኝ ዛሬ አይፈልገውም ብዬ መኪናውን አዞርኩ። ድምፁ ወደ ላይ ከወጣ "አይደል?" ነው፣ ተረግጦና ረዝሞ ሲወርድ ነው "አይ"። እዚህ ሽዋቦቹ፣ የዚህ አካባቢ ሰዎች፣ ደግሞ በሱ ቦታ "ጌል?" ይላሉ። ስንብታቸው "አዴ" ነው፤ በሐረር በኩል ላደግን ትልቅ ሴት የተጠራች ነው የሚመስለን።

ቪየና_ቡና
ስንብት ካነሳችሁ ከኦስትሪያ አንድ ልጨምር። አለቃዬ፣ ስድሳ ዓመት የሞላው ሰውዬ፣ ስልኩን ሲዘጋ "ባባ!" አለኝ። ባባ?! ማን ነው ባባው፣ እኔ ነኝ እሱ? ለካ በቪየና ቻው ማለት ነው። አሁን እኔም እለዋለሁ። ልጄ ከሰማች ግን "አቤት" ትላለች፣ እሷን የጠራሁ እየመሰላት።

ጋሼ_ፍራንክፈርት
አንድ ቁም ነገር ረስቼ ተመለስኩ። ቁጥሩ 110 ሆኖ "ፖሊስ ነኝ፣ ልጅህ አደጋ አድርሷል፣ ገንዘብ አዘጋጅ" የሚል ስልክ ከመጣ ሌባ ነው። ፖሊስ ከ110 ቁጥር ደውሎ አያውቅም፤ 110 እኛ የምንደውልበት ነው። ቋንቋው ያልጠነከረ ሰው ላይ ይበረታሉ። ዕቃ ለሚሸጥ "ካይን ኢንተረሰ፣ ዳንከ፣ ቹስ" (አልፈልግም፣ አመሰግናለሁ፣ ቻው) ብለህ ዝጋ። እኛ ሰው ጆሮ ላይ መዝጋት ነውር ይሆንብናል፤ እዚህ ላይ ነውሩን ተዉት።

ማታ ሐኪም ቤት ተዘግቶ ሲያማችሁ ደግሞ 116117፤ ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ 112። ሁለቱም የከተማ መግቢያ ቁጥር አያስፈልጋቸውም።

ካሰል_ነኝ
ደወልኩ!!

ቅድም ከትምህርት ስወጣ፣ ወጥ ቤት ቆሜ፣ ወረቀቴን ፍሪጁ ላይ ለጥፌ። ያችው ሴትዮ ናት ያነሳችው፣ በድምጿ አወቅኋት። "ጉተን ታግ፣ ኢሽ ቮልተ ማል ኩርጽ ፍራገን፣ ኦፕ ፊላይሽት ፍሩየር ቫስ ፍራይ ኢስት" አልኩ፣ ባንድ ትንፋሽ። ቀደም ያለ ክፍት ቦታ ይኖር እንደሆነ ልጠይቅ ብዬ ነው። እመኑኝ፣ ድምጿ ተለወጠ። "ዳ ሻው ኢሽ ማል" አለችኝ፣ እስቲ ልይልሽ። እሷም ማል አለችኝ! ስሜን ጠየቀችኝ፤ የአባቴን ስም በጋሼ መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስፊደልኩላት። "ብላይበን ዚ ድራን።" ሙዚቃ። ሙዚቃው እየተጫወተ ኤሚልን ሁለቴ ጠርቼ እንደሆነ በጣቴ ስቆጥር ነበር።

ተመልሳ "ሆይተ ኢን አህት ታገን፣ ሃልፕ ኤልፍ?" አለች። ሁለቱም ወጥመድ ባንድ ላይ! የዛሬ ስምንት፣ አስራ አንደኛዋ ሰዓት ግማሿ። "አልዞ፣ ጼን ኡር ድራይሲሽ?" አልኩ። "ግናው" አለችኝ። በኛ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ማለት ነው፤ ያች አራት ተኩል በመጨረሻ መጣችልኝ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ጥሩ ነበር። "ፓስት ዳስ?" (ይመችሻል?) ስትለኝ ደስታው ይዞኝ ትንፋሼን ሳብኩ። "ሃሎ? ዚንት ዚ ኖኽ ድራ?" አለች። "ያ ያ፣ ግናው፣ ፓስት፣ አለስ ክላር፣ ዳንከ!" የማውቀውን ሁሉ አፈሰስኩት። "አውፍ ቪደርሆረን" ስላት እሷ "ቹ-ኡስ" ብላ በዜማ ዘጋችው። ዚ ተባብለን ቹስ ይቻላል እንዴ?

ተማሪ_ነርስ
ይቻላል፣ ሁሉም ይላል። እልልልል!

ላይፕጺግ_ያለሁ
ና ክላር ይቻላል።

ኢሜይል_ይሻላል
እንኳን ደስ ያለሽ። እ... ያችን ፍሪጅ ላይ የለጠፍሻትን ዓረፍተ ነገር እንደገና ብትጽፊልኝ? የመኪና ኢንሹራንሴ ሦስት ኢሜይል ልኬለት አልመለሰልኝም፣ ነገ ጠዋት መደወል ሊኖርብኝ ነው። ማል ነው ኩርጽ የሚቀድመው?